የኔታ ሲኒማ እና የጥርሴ ሕመም

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውሰውም። ከፍልሰታ ጾም በፊት ይሁን በኋላ፣ ዝናቡ ገና ይጥል ይሁን አባርቶ፣ ቢያስምሉኝም አልምልም። የማስታውሰው አቶ ግርማ በሬን ገፋ አድርጎ ገብቶ ኮፍያውን አውልቆ መቆሙን ነው። ግርማ ናዝሬት ተወልዶ እዚህ ባሕር ዳር በፋብሪካ ሥራ ያረጀ ጡረተኛ ነው፤ ለሰው ብሎ ኮፍያ አውልቆ አያውቅም። "የኔታ ዐረፉ" አለኝ። የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርሁት። ሌላ የምሠራው ነገር አልመጣልኝም።

ቀብሩ ላይ ሁላችንም አፈርን። ቄሱ ለፍትሐቱ ስመ ክርስትናቸውን ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። የዓለም ስማቸው አስረስ እንደሆነ እናውቃለን። "የኔታ ሲኒማ" የሚለውንማ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱ ግን ለጸሎት አይሆንም። ዘመድ የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ስንት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ቤታቸው እየሄድን ወንበራቸውን ያላላን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ቄሱም ጥቂት ጠብቀው፣ "እንግዲህ 'ገብርከ' ብለን እንለፈው፤ አገልጋይህ ማለት ነው። እሱ ያውቃቸዋል" አሉ። ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አንተ እንኳ አታውቅም?" አለኝ። እኔ እንኳ አላውቅም። ስለ ራሴ ሳወራላቸው ከርሜ ስለ እሳቸው መጠየቁን ረስቼው ኖሯል።

የኔታ የአገልጋይ ልጅ ናቸው። አባታቸው ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ሲቀድሱ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ቅኔውን ጨርሰው የመጻሕፍት ትርጓሜ ገብተው ነበር። ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ "ጀልባ አመለጠኝ" ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። ከዚያ ከተማ ገብተው፣ እንግሊዝኛ ከአንድ ሕንዳዊ መምህር ተምረው፣ ሲኒማ ቤት የፊልም ማሽን ሲያሠሩ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ የሚወዷቸውን የድሮ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች፣ እነዚያን ጥቁርና ነጮቹን፣ በዲቪዲ ሰብስበው በኪራይ ክፍላቸው ያሳዩን ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳችንን በልተን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። አራት አምስት ሽማግሌ ብንሆን ነው።

እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። አማርኛውንም ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም እያንቀላፋሁ። ስለዚህ የኔታ ይተረጉሙልናል። አተረጓጎማቸው ግን እንደ ቪዲዮ ቤት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መምህሩ ንባቡን ይሉና አንድ ፍቺ ይሰጡታል፤ ከዚያ "አንድም" ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምሩበታል። የኔታም ፊልሙን የሚያስኬዱት እንዲያ ነው። ሽጉጡ ሲተኮስ ሪሞቱን ተጭነው ያቆሙታል። ሰውየው ሳይወድቅ እንደተንጋደደ ይቀራል። እሳቸው ቀስ ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

"ገደለችው። ለምን? ስለወደዳት። አንድም፤ እሱ አስቀድሞ ራሱን ገድሎ ነበር፣ እሷ የቀበረችው ናት። አንድም…"

"የኔታ፣ ሰውየውን ይጣሉት እንጂ" ይላል ግርማ፤ "ደከመው እኮ።"

ለእኔ ፊልሞቹ ሁሉ አንድ ነበሩ። ሰውየው ባርኔጣ አድርጓል። ሴትዮዋ ጭስ ውስጥ ቆማለች፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቷን እንደ ሸምበቆ አጥር ሸንሽኖታል። ገና ስትገባ ሰውየው እንደማይተርፍ እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል፤ ግን ይከተላታል። ውጭ ደግሞ ሁልጊዜ ይዘንባል። አንድ እሑድ፣ ይህ ሁሉ ዝናብ እየጣለ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ዘር አይዘራም ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ሳቀብኝ። የኔታ ግን ፊልሙን አቁመው አሰቡበት። "ይዘራሉ" አሉኝ፤ "ያየሃቸው ሁሉ የዘሩትን እያጨዱ ነው።" ያን ቀን ሊቅ የሆንሁ መስሎኝ እስከ ቤቴ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ሄድሁ።

የኔታን የሚያናድዳቸው አንድ ነገር ነበር። ሰውየው ሊሞት ሲል "ዕጣዬ ነው" ያለ እንደሆነ ሪሞቱን ጭናቸው ላይ ይመቱታል። "ውሸቱን ነው" ይላሉ። "ገና መጀመሪያ ላይ አፉን ቢከፍት ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ሰው ሊናገር የፈራውን ነገር አሳድጎ አሳድጎ፣ መጨረሻ ላይ ዕጣ ብሎ ስም ያወጣለታል።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። አያርፍም። እኔ ነኝ ያስቀመጥሁት።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ካልተናገርሁ የእሳቸው አይገባም። በጉልበቴ ዘመን ከባሕር ዳር ቁንዝላ በሚመላለስ የጭነት ጀልባ ላይ ገመድ ሳቢ ነበርሁ። ባዘዘው የሚባል ባልንጀራ ነበረኝ፤ በተራ በተራ ነው የምንወጣው። አንድ ጊዜ መሸንቲ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ሆነ፤ ያን ቀን ደግሞ ተራው የኔ ነው። እኔ በዋዜማው ጉንጬን በሻሽ ጠምጥሜ ጥርሴን አመመኝ አልሁ። ጥርሴ ደህና ነበር። በዚያን ጊዜ በጥርሴ ገመድ መሳብ እችል ነበር። ባዘዘው አየት አድርጎኝ "በል ተኛ፣ እኔ እወጣልሃለሁ" አለኝ። በነጋው ጎሕ ሲቀድ መሸንቲ ገባሁ። ጠጣሁ፣ ጨፈርሁ፤ እንዲያውም ሚዜዎቹ ትከሻዬን አድንቀውልኛል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ቁንዝላ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነፋስ ተነሣ። ባዘዘው ገመድ ሲስብ ወደቀ። ሐይቁ የመለሰው በማግስቱ ነው።

ለማንም አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ ጥርሶቼ በየተራቸው እያመሙ ተበቀሉኝ፤ አሁን የቀሩኝ አራት ናቸው፣ እነሱም የሚተያዩ አይደሉም።

የባዘዘው ሚስት የሺ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት በጓሮ አትክልቷ ልጆቿን አሳድጋ ዳረች። እኔም ሚስቴ ከሞተች በኋላ እየሄድሁ እጠይቃት ጀመር። መጀመሪያ ለነፍስ ብዬ ነው። ቀጥሎ ከዓሣ አጥማጆቹ ደህና ደህናውን ቆሮሶ እየመረጥሁ መውሰድ አመጣሁ። ቀጥሎ ልሄድ ስል ጢሜን መላጨት ጀመርሁ። በመጨረሻ ገበያ ወጥቼ እንደ ፊልሞቹ ያለ ባርኔጣ ገዛሁ። የሺ ከጎመኗ መሐል ቀና ብላ አይታኝ፣ "ጋሽ ፈንቴ፣ የወባ መድኃኒት መርጨት ጀመሩ እንዴ?" አለችኝ። ባርኔጣውን አውልቄ ዓሣውን ሸፈንሁበት።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን፣ እሷ ናት የተናገረችው። "ሁለታችንም ብቻችንን ጎጆ ከምንጠብቅ፣ ልጆቼም እሺ ብለዋል፣ ሽማግሌ ይላኩና ነገሩ ወግ ይያዝ" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘላል። እኔ ጉንጬን ያዝሁ። ያን ነገር ሆዴ ይዤ ባገባት በባዘዘው አልጋ ላይ ውሸቴን ይዤ መተኛቴ ነው። ብነግራት ደግሞ አበቃ። ሽማግሌውን ዛሬ ነገ እያልሁ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። የፊልሞቹ ሰዎች ቢያንስ ሽጉጥ አላቸው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ፊልሙ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ የኔታ አስቀሩኝ። ሪሞታቸውን በላስቲኩ እየጠቀለሉ ነበር።

"ፈንቴ፣ በፊልሙ ላይ ሰው በሞተ ቁጥር ጉንጭህን ትይዛለህ" አሉኝ። "ጥርስህን ያምሃል እንዴ?"

ሌላ ማንኛውንም ነገር ቢጠይቁኝ እዋሽ ነበር። ይህችን ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ። ተቀመጥሁና ሻሹንም፣ ሠርጉንም፣ የሺንም፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። የኔታ "አንድም" አላሉም። ንስሐ አባት እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ አዎ አልሁ። ነግረሃቸዋል ወይ አሉ።

"ሌላውን ሁሉ" አልሁ።

"ለእሷስ?"

እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ። የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉና በሚቀጥለው እሑድ እንዳልቀር ነገሩኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ያመጡት ፊልም ስለ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ነጂው ዋሽቶ ጓደኛውን በእሱ ፈንታ ይልካል፣ መኪናው ገደል ይገባል፣ እሱ የጓደኛውን ሚስት ይወዳል። እኔ ወንበሬ ውስጥ ሰመጥሁ። ከአሜሪካ ድረስ ሰው ልከው ያጣሩብኝ መሰለኝ። መጨረሻው ላይ ሰውየው በዝናብ እሷ ደጃፍ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይናገራል። የኔታ ቃል በቃል ተረጎሙልን፤ ሁሉንም ነገራት፣ እሷም አለቀሰች፣ "ከነገርኸኝስ ግባ፣ በርዶሃል" አለችው። ከዚያ "አበቃ" ብለው አጠፉት። ግርማ እንኳ አልቀለደም። እኔ በልቤ፣ አሜሪካዊ እንዲህ ከተናገረ እኔ ከቁንዝላ መንገድ የመጣሁ ሰው ምን ያቅተኛል አልሁ።

ሰኞ ሰባታሚት ሄድሁ። ባርኔጣም ዓሣም አልያዝሁም። የሺ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ሠርጉን ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። ሻሹን ስነግራት ግን እጇ በሩን ያዘ።

"ያን ቀን ጥዋት ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጥቼው ነበር" አለች። "ለአንቱ ጥርስ። አድርስለትና ውጣ አልሁት።"

አልገባኝም።

"ከውሃ ሲያወጡት ከነቋጠሮው ኪሱ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ምነው ሳያደርስላቸው ቀረ እያልሁ ስብሰለሰል ኖርሁ። ቸኩሎ ነው እል ነበር።" በሩን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። "ቤትዎ መጥቷል። አጥቶዎታል። መዋሸትዎን አውቆ ነው የወጣልዎ።"

በሩን ዘጋችው። ገፍታ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ከሰባታሚት በእግሬ መጣሁ። ባዘዘው የተቆለፈ በሬን አይቶ፣ የሽንኩርቷን ቋጠሮ መልሶ ኪሱ ከትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ጀልባዋ ሲሄድ እያየሁት መጣሁ። የኔታ ቤት ስደርስ ውስጤ በሐዘን የተሞላ ነበር፤ ግን እኔ ሐዘን አይሆንልኝምና ወደ ቁጣ ዞረ። የእሳቸው ሴትዮ ግባ ብላ ነበር፣ የኔዋ ዘጋችብኝ አልኋቸው።

የኔታ ወደ አፍንጫቸው ጫፍ የተንሸራተተውን መነጽራቸውን አወለቁ። "ፊልሙ ላይም አልነገራትም" አሉኝ።

"ምን?"

"ሰውየው አልነገራትም። ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ፣ ደህና ሁኚ ነው ያላት። እሷም ደህና ሁን ብላ በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀራል። ባቡር ጣቢያ ላይ ይገድሉታል። ያን አላሳየኋችሁም።"

እንዴት እንደተናደድሁ መናገር ያሳፍረኛል። እኚህ ትልቅ ሰው፣ የመጻሕፍት ተማሪ፣ በሐሰት ትርጉም የመጨረሻ ትዳሬን አፈረሱብኝ አልሁ። ይህን የሚለው ጥርሱን ሳያመው ሻሽ የጠመጠመ ሰው ነው። የኔታ ጩኸቴን አስጨርሰውኝ፣ "እኔም አንድ ጊዜ መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ" አሉ። "የዚያችኛዋ ሴት በር እስከ ዛሬ አልተዘጋብኝም፤ አላንኳኳሁትማ። ከዚያ ወዲህ የሰው አፍ ስተረጉም ኖርሁ። ያኛው ስላልተናገረ ሞተ፤ አንተ በእግርህ መጥተህ ትቆጣኛለህ። በል ተቀመጥ።"

አልተቀመጥሁም። ሦስት እሑድ ቀረሁ። በአራተኛው ስሄድ ወንበሬ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር፤ ግርማ፣ የኔታ ሰው አላስቀምጥ ብለው ነው አለኝ። የኔታም ሳይዞሩ "ፊልሙ አላለቀም" አሉ።

በዚያው ወራት ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤታቸው ይጠፉ ነበር። ያችን እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ ትንሽ የዲቪዲ ማጫወቻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ባጃጅ ሲይዙ ያየ አለ። ግርማ ሴት ይዘው ነው ብሎ ቀለደ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ዐረፉ።

አርባቸውን እድሩ አወጣላቸው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ እኔ ከመግቢያው አጠገብ ተቀምጬ ጠላ በአራት ጥርስ አጣራለሁ። የሺ ገባች። ከዚያ በር በኋላ አይቻት አላውቅም። ሴቶቹ ጋ ትሄዳለች ብዬ አቀርቅሬ ብጠብቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የኔታ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ፊልም ያሳዩኝ ነበር" አለችኝ። የመኪና ነጂውን። ጥቂት ጥቂት እያሳዩ፣ እያቆሙ፣ አንድም እያሉ። መጀመሪያ ላይ ልታባርራቸው አስባ ነበር፤ ግን ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተናገሩም፣ እሷም አልጠየቀች። ጎመን እየቀነጠሰች ታያለች።

"ሰውየው በዝናብ ቆሞ ነገራት" አለች። "ሴትዮዋ በሩን ዘጋችበት። የኔታም የቀረውን በሚቀጥለው ብለው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። አንቱ እሑድ እሑድ እሳቸው ዘንድ ያዩ ነበር። መጨረሻው ምንድን ነው?"

የጠላው ጣሳ እጄ ላይ ከበደኝ። እንግዲህ ሦስት ፍቺ ሆነ። እኔ ያየሁት ግባ የተባለው አለ፤ እሷ ያየችው በር የተዘጋበት አለ፤ ዲቪዲው ላይ ያለው የሞተው አለ። ግባ አለችው ብል የየኔታን ቃል ደገምሁ እንጂ ዋሸህ የሚለኝ አልነበረም። ግን ለዚህች ሴት ቤት አንድ ውሸት ይበቃል።

"እንግሊዝኛ አልችልም" አልሁ። "የኔታ ለእኔ ሌላ ብለውኝ ነበር፤ ከዲቪዲው የተለየ እንደሆነም ነግረውኛል። ያየሁትን ልንገርሽ። በሩ ተዘግቷል። ሰውየው ደጅ ቆሟል።"

"ዝናቡ ላይ?"

"ዝናቡ ላይ።"

አሰበችበት። የነጠላዋን ጫፍ አጣጠፈች፣ ዘረጋች።

"ምን ዓይነት ሞኝ ነው" አለች። "የሰው ሆድ እስኪበርድ ጊዜ አይሰጥም? ደግሞስ ዝም ብሎ ከሚበሰብስ፣ መልሶ አያንኳኳም?"

ማክሰኞ ቀን ሰባታሚት ሄጄ ማንኳኳቴን አልደብቅም። ከዚያ ወዲያ ያለው የቤታችን ነገር ነው፤ ባርኔጣውን ግን እስከ ዛሬ ወፍ ማስፈራሪያ አድርጋ ጎመኗ መሐል ሰቅላዋለች።

በዚያ በአርባቸው ቀን ቄሱ ለጸሎት ተነሥተው ሁላችንም ቆምን። ማዕጠንታቸውን ይዘው ወደ እኛ ዞሩና፣ የእኚህ ሰው ስም ዛሬም አልተገኘም ወይ አሉ። ግርማ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። የሺ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። በጸሎቴ ላስብዎ ብላ አንድ ማክሰኞ ስመ ክርስትናቸውን ጠይቃቸው ነበር፤ ከእናቴ ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም ብለው ስቀው ነገሯት። እሷ ለእኔ ነገረችኝ። እኔም በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ መናገር ያለብኝን ነገር ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤

"ወልደ ገብርኤል።"